ስለ እናት ሽርሽር

«ሽርሽር» የሚለውን ቃል እኛ ተማሮች ከአፋችን አንለየውም። ፈተና ሲያልቅ ሽርሽር፥ የምረቃ ጊዜ ሲደርስ ሽርሽር፥ ማኅበራችን ጥቂት ገንዘብ የተረፈው እንደ ሆነ ደግሞ ሌላ ሽርሽር ነው። ይህንኑ ቃል በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ባለው ገጠር ስለ አንዲት ባለትዳር ሴት ቢናገሩት ግን ትርጓሜው ወዲያው ይለወጣል። «እገሊት ሽርሽር አብዝታለች» የተባለ እንደ ሆነ፥ ቤቷን ጥላ ትዞራለች፥ ምጣዷን አቀዝቅዛለች ማለት ነው እንጂ ነፋስ ልትቀበል ወጣች ማለት አይደለም። ስለዚህ እናቱን አንድ ቀን ደኅና አድርጎ ይዞ ለመውጣት ያሰበ ተማሪ ገንዘብ ከመቍጠሩ በፊት ከዚህ ቃል ጋራ መታገል አለበት። እኛም በ2018 ዓ.ም. የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት የታገልነው ከዚሁ ጋራ ነበርና፥ ምናልባት ለሌላውም ይጠቅም እንደ ሆነ ብለን ነገሩን ጽፈነዋል።

«እኛ» ስንል እንደ ጋዜጣ አዘጋጅ ራሳችንን ለማክበር አይደለም። በእውነት ሁለት ነን። አንደኛው ይህን ብዕር የያዘው የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪ ነው፤ ሁለተኛይቱ ታላቅ እኅቱ፥ በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት መምህርት ሁና ደመወዝ የምትቀበል ናት። ገንዘቡ የእርሷ፥ ዕቅዱ የሁለታችን፥ ጽሑፉ የእርሱ ነው፤ እርሷም ጽሑፉ ለማባዣ ሳይሰጥ አንብባ ሁለት ስፍራ ሰርዛለች።

በከተሞቻችን «የእናቶች ቀን» እየተባለ በስልክ የአበባ ሥዕል የሚላላክበት ቀን ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። አና ጃርቪስ የምትባል አሜሪካዊት እናቷ ከሞተችባት ከሦስት ዓመት በኋላ፥ በዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ግራፍተን በምትባል ከተማ ባለ ቤተ ክርስቲያን የመታሰቢያ ጸሎት አስደረገች። ቀኑ በእኛ አቈጣጠር ግንቦት 2 ቀን 1900 ዓ.ም. ነበረ። ከስድስት ዓመት በኋላም ፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን የአገር በዓል አድርገው ዐወጁት። ዳሩ ግን አበባ ሻጩና ካርድ አታሚው ቀኑን የገበያ ቀን ስላደረጉባት፥ ይህችው አና ጃርቪስ የኋለኛውን ዕድሜዋን የፈጸመችው ራሷ ያቋቋመችውን በዓል ስትቃወም ነው። እርሷ ራሷም ልጅ አልወለደችም።

የሚገርመው ግንቦት 2 በእኛ አገር የልደታ ማግሥት መሆኑ ነው። በግንቦት ልደታ የሰፈሩ እናቶች ንፍሮ ቀቅለው፥ ቡና አፍልተው፥ ከጣራ ሥር ወጥተው በደጅ ይቀመጣሉ። በጉራጌም አገር አንትሮሽት የሚባል የእናቶች በዓል አለ። እንግዲህ እናትን ከቤት የሚያስወጣ ቀን አገራችን ጨርሶ አልነበራትም ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ደጁ ቅርብ ነው። ባላገሯ እናት ከደጅ አልፋ ሩቅ የምትሄደው በታቦት ስም ነው፤ ለንግሥ፥ ለጸበል፥ ለማኅበር፥ ለስለት። ከዚያ ሌላ የሚያስወጣት ለቅሶ ብቻ ነው። ለለቅሶ የግማሽ ቀን መንገድ በእግሯ ብትሄድ ማንም «የት ነበርሽ?» አይላትም፤ ለደስታ የአንድ ሰዓት መንገድ ብትሄድ ግን ምክንያት ትጠየቃለች። ይህን ነገር ብዙ ጊዜ አይተነዋል፤ የአንደኛ ዓመት የሶሲዮሎጂ መጽሐፋችን ግን አልነገረንም።

ታላላቆቹማ ይዞሩ ነበር። ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሹ ከተፈሪ መኰንን ጋራ አውሮፓን አይተው ተመልሰዋል። በዚያው ዓመት በደብረ ማርቆስ እህሉን ይፈጩ የነበሩት ሴቶች እስከ የት ድረስ ሂደው እንደሚያውቁ የጠየቀ የታሪክ ተማሪ ግን እስከ ዛሬ አልገጠመንም። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ የተወለዱት በዚሁ በደብረ ማርቆስ አጠገብ ነው፤ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን ፍቅር እስከ መቃብርን ያነበበ ሁሉ ሰብለ ወንጌል ከአባቷ ከፊታውራሪ መሸሻ ግቢ መውጣት ምን ያኽል ከባድ ነገር እንደ ነበረባት ያስታውሳል። እርሷ የባላባት ልጅ ናት። የድኻይቱን ነገር አንባቢ ራሱ ያስበው።

ወደ ዕቅዳችን እንመለስ። እንደ ተማረ ሰው በወረቀት ጀመርነው። ከሁለታችን ሴቲቱ ባሕር ዳርን ጻፈች፤ ጣና አጠገብ ቁጭ ብሎ ዓሣ መብላት፥ ሙቅ ውሃ ያለበት ሆቴል ማደር፥ ሌላው ሰው ያነጠፈው አልጋ ላይ መተኛት። ወንዱ ደግሞ የትምህርቱ ነገር ስለሚያደላበት ዲማ ጊዮርጊስን፥ መርጡለ ማርያምን፥ ደብረ ኤልያስን ደረደረ፤ ከዚያም ባይሆን እዚያው ደብረ ማርቆስ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ቤተ መንግሥት አሳይተን፥ ከተማይቱ የማርቆስ ታቦት ስም ሳይሰጣት በፊት መንቆረር ትባል እንደ ነበረ እንነግራታለን አለ። እኅቱም «እናትህን ልታዝናና ነው ወይስ ልትፈትን?» ብላ መለሰችለት። የጮቄ ተራራም፥ በጃፓን ርዳታ የተሠራው አዲሱ የዓባይ ድልድይም ተነሥተው ነበር። በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ውጊያ ምክንያት መንገዱ አንድ ቀን ሲከፈት አንድ ቀን ሲዘጋ ስለ ከረመ፥ ጧት ያለፈ መኪና ማታ መመለሱ የታወቀ አልነበረም። ወንድሞቻችን የአዲስ አበባ ተማሮች ሽርሽር ሲያቅዱ የሚጠይቁት የታክሲ ሂሳብ ነው፤ እኛ የምንጠይቀው ወሬ ነበረ።

ክርክሩ አንድ ሳምንት ፈጀና በመጨረሻ ባለቤቷን እንጠይቅ ተባባልን። አንድ ማታ እራት ከተበላ በኋላ «እማ፥ ከሰሞኑ አንድ ቀን ይዘንሽ እንወጣለን፤ ተዘጋጂ» አልናት።

ፊቷ ተለወጠ። እንዝርቷን አስቀመጠችና «ማን ሞተ?» አለች።

ማንም እንዳልሞተ ለማስረዳት ያን ማታ ሙሉ ፈጀብን። ልጆች ተሰብስበው መጥተው፥ ድምፅ አለዝበው «ተነሺ፥ እንሂድ» የሚሉበት ሌላ ምክንያት በዕድሜዋ አልገጠማትም፤ እንዲህ ያለ ነገር መርዶ ነው። ጓደኞቻችን ሆይ፥ እናታችሁን ይዛችሁ ለመውጣት ያሰባችሁ እንደ ሆነ ቃሉን ከመናገራችሁ በፊት ሣቅ በሉ።

በሁለተኛው ማታ «ቤቴ ምን ሁኖ ነው የምወጣ?» አለች። በሦስተኛው ማታ፥ ስለ ነገሩ ማንም ሳያነሣባት፥ ጥጧን እየፈተለች፥ «እኔስ ካላችሁ አማኑኤል ነው የምሄድ» ብላ ተናገረች።

አማኑኤል ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ሚኒባስ የተገኘ እንደ ሆነ መንገዱ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። ከሁለታችን አንዳችንም በዝርዝራችን አልጻፍናትም ነበር፤ ለማን ይታያታል? ምን እንዳላት ብንጠይቃት፥ አብሮ አደግ እንዳለቻት ነገረችን። ስሟን እዚህ አንጽፍም። ሁለቱ አብረው ጥጃ ጠብቀዋል፥ አብረው ኩበት ለቅመዋል፥ ውሃ ቀድተዋል። በጳጕሜን መጨረሻ የጎጃም ልጃገረዶች ተሰብስበው ወደ መስክ ወጥተው እንግጫ እንደሚነቅሉ፥ እየዘፈኑም እንደሚመለሱ ታውቃላችሁ፤ ሁለቱም በአንድ ዓመት ጥር፥ በሳምንት ልዩነት እስኪዳሩ ድረስ አንድም ዓመት ሳያጓድሉ አብረው ነቅለዋል። እንግጫ የልጃገረድ ነው፤ ያገባች ሴት አትነቅልም። እናታችን ወደዚህ፥ ጓደኛዋ ወደ አማኑኤል ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት አልፏል። በመካከሉ አንድ ጊዜ ለቅሶ አገናኝቷቸዋል፤ «በለቅሶ ደግሞ ጨዋታ የለም» አለችን።

ከሁለታችን ሴቲቱ በማቻከል ወረዳ የምታስተምር የኮሌጅ ጓደኛ ስላለቻት፥ በሦስት ቀን ውስጥ የሴትዮዋን ልጅ ስልክ ቍጥር አገኘች። በሕይወት አሉ። ስልኩን ደውለን እናታችንን «እንኪ፥ አነጋግሪያት» ብንላት እጇን ወደ ኋላ ሰበሰበች። «ሠላሳ ዓመት ያልተጫወትሁትን በዚህ?» አለች።

ከዚህ በኋላ የቀን ነገር መጣ። ይህ በእውነት ከጠቅላላው ዕቅድ የከበደው ክፍል ነበረ፤ በዩኒቨርሲቲያችን የፈተና መርሐ ግብር የሚያወጣው ሰው ቢሞክረው እንወድ ነበር። እሑድ ቤተ ክርስቲያንና ሰንበቴ አለ። ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለ ሆነ ባለ ቤቲቱ እንግዳ ተቀብላ የጾም ወጥ ብቻ ስታቀርብ ትሸማቀቃለች። ቅዳሜ ገበያ አለ። ጥር የሠርግ ወር ነው፤ ሰው ጠርቷት ያልሄደች እንደ ሆነ በኋላ ወደ እርሷም አይመጣም። ጥር 21 ቀን አስተርእዮ ማርያም ነው፥ የማኅበሯም ተራ እርሱ ነው። ነነዌ ከጥር 25 እስከ 27 ይጾማል። ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ቀን ይገባል፥ ከዚያ በፊት ያለው ሳምንት ደግሞ ልዩ ልዩ መሰናዶ ይበዛበታል። እኛም ወደ ትምህርታችን መመለሻችን ደርሷል። ይህን ሁሉ በወረቀት ላይ እየሰረዝን ስንሄድ ከወሩ ሁሉ አንዲት ቀን ብቻ ተረፈችልን፤ የነነዌ ማግሥት፥ ሐሙስ፥ ጥር 28። እናታችን ወረቀቱን ሳታይ፥ በጣቷ ቈጥራ፥ ከእኛ በፊት ደርሳበት ነበር። «አማኑኤል አይደለም እንዴ በ28?» አለች።

በማግሥቱ ውሃ ስትቀዳ ለጎረቤቶቿ «ለአማኑኤል ስለት አለብኝ፤ ልጆቹ ሊያደርሱኝ ነው» ብላ እንደ ነገረቻቸው ሰማን። ማታ «እማ፥ መቼ ነው የተሳልሽ?» ብለን ጠየቅናት። «ዛሬ ጧት» አለች። «በደኅና ካየኋት ጧፍ አገባለሁ ብዬ ነው።» በዚህ መልስ ላይ ሥነ መለኮት የሚያውቅ ሰው ሊከራከርበት ይችል ይሆናል። እኛ ግን ሽርሽርን ከነውርነት አውጥታ በአንድ ጧት ወደ ስለት የለወጠችበትን ብልኀት አድንቀናል። ጎረቤቶቿም እያንዳንዳቸው ጥቂት ሳንቲም እየጨመሩ «ለኔም አንድ ጧፍ» አሏት፤ ስለዚህ መውጣቷ የሰፈሩ ሁሉ ጉዳይ ሆነ።

የቀረው ሥራው ነበረ። አንድ እናት አንድ ቀን ከቤት ብትታጣ ምን እንደሚጐድል ለማወቅ፥ ከንጋት ጀምሮ የምታደርገውን ሁሉ ተከትለን በደብተር ጻፍን። አመድ መጥረግ፥ እሳት ማያያዝ፥ በረት መጥረግ፥ ኩበት መጠፍጠፍ፥ ውሃ፥ እንደ ገና ውሃ፥ ሊጥ፥ ዶሮዎች፥ የጥጃው ነገር፥ ወተት መናጥ፥ የታመመችውን ጎረቤት ማየት። እስከ ምሳ ድረስ ሃያ ሦስት ደረሰና ደብተሩን ዘጋነው። በበዓል ቀን ሞፈር ይሰቀላል፤ ምጣድ ሲሰቀል ግን አላየንም።

አባታችን ክፉ ሰው አይደለም። ነገሩን ሰምቶ ብዙ ዝም ካለ በኋላ የጠየቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ «የዚያን ቀን ምሳ እንዴት ነው?» አለ።

በዚህ ጊዜ ከሁለታችን ወንዱ «እኔ በዋዜማው እጋግራለሁ» ብሎ ተናገረ። እዚህ ላይ አንድ ቃል ለወንድሞቻችን እንናገራለን። በሴሚናራችን ስለ ሴቶች እኩልነት የሚቀርበውን ጽሑፍ ማርክ ሲሰጥበት አይተናል፤ ራሳችንም ጽፈን ደኅና ማርክ አግኝተንበታል። የምጣድ ጢስ ግን ማርክ የለውም። ከሁለታችን ወንዱ ዐሥራ ስድስት እንጀራ ጋገረ፤ አራቱ ተቀደዱ፥ ከቀሩትም ብዙዎቹ ዐይን አላወጡም። የጎረቤት ሴቶች እሳት ልንጭር ነው እያሉ በየተራ እየመጡ አዩት። አንዲቱ «ዩኒቨርሲቲ እንዲህም ያስተምራሉ?» አለች፤ በመሣቋ አልተቀየምንም። እናታችን አልሣቀችም። ከበሩ ቁማ አየችና «አክንባሎውን ቶሎ አትክፈተው» ብላ ሄደች።

ስለ ገንዘቡ ብዙ አንናገርም። እናትን ይዞ የሚወጣ ሰው ዋጋ አይንገራት፤ የነገራት እንደ ሆነ የበላችውን ሁሉ በጤፍ ትለካዋለች። መኪና የሚያጥወለውላት ከሆነ ሎሚ ይያዝላት፥ ከፊት ወንበር ያስቀምጣት። ሌላው የፎቶግራፍ ነገር ነው። የእናታችን ፎቶግራፍ በቤታችን ሁለት ብቻ ነበረ፤ አንዱ በነዋሪነት መታወቂያዋ ላይ፥ ሁለተኛው በክልላችን ባልና ሚስት ጎን ለጎን ተለጥፈው በሚታዩበት በመሬት ይዞታ ደብተር ላይ ነው። በሁለቱም ላይ መንግሥት ዐይኑን ያፈጠጠባት ትመስላለች። ስለዚህ ስልካችንን ሞልተን አደርን።

ሐሙስ በሌሊት ተነሣን። ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፥ ያጠበችውን ነጠላ አጣፍታ፥ ጧፉን በላስቲክ ጠቅልላ ይዛ ወጣች። በጀርባዋ ያዘለችውን ዳቦ ቆሎና አንድ ድፎ ለምን እንደሆነ ብንጠይቃት «መንገዱ የተዘጋ እንደ ሆነ» አለች። እስከ ደብረ ማርቆስ መነኻሪያ በእግር ነው፤ ከዚያ ሚኒባስ አገኘን። ወሬው ደኅና ነበረ። አዝመራው ተሰብስቦ ሜዳው ሁሉ ገለባ ነው፤ እርሷም በመስኮት እያየች ክምር ትቈጥር ነበር፤ «እነዚህ ዘንድሮ አግኝተዋል፤ እነዚያ አላገኙም» ትላለች። ሎሚው አላስፈለገም።

ሴትዮዋ ከመንገዱ ዳር ከጧት ጀምረው ቁመው ኖሮ፥ ሚኒባሱ ገና ሳይቆም በስም ጠሯት። የጠሯት ግን እኛ በምናውቀው ስም አይደለም። አባታችንም፥ የንስሐ አባቷም፥ መታወቂያዋም የማያውቁት የልጅነት ስም ነው። እርሷም «አቤት!» አለች፤ እንደ ትንሽ ልጅ፥ በቀጭን ድምፅ። ያን ስም እዚህ አንጽፈውም፤ የእኛ አይደለም። ብዙ ጊዜ ተሳሳሙ። ከዚያ ሴትዮዋ የእናታችንን እጅ ይዘው ገልብጠው መዳፉን አዩ፥ የራሳቸውንም አጠገቡ ዘረጉና «እንዴት አድርጎ ነው እንዲህ አንድ ያደረገን?» አሉ።

ጧፉን አገባን፥ ተሳለምን፥ ቤት ገባን። ዶሮ ተሠርቶ ቈይቶ ነበር። ከምሳ በኋላ ቡናው ሲቀርብ እናታችን ወደ እኛ ዞር ብላ «እናንተ ልጆች እስኪ ወደ ውጭ ወጣ በሉ» አለችን። ወጣን። ከእናታችን ጋራ ልናሳልፈው አንድ ወር ሙሉ ያቀድነውን ቀን ከገለባ ክምር ሥር ተቀምጠን አሳለፍነው። አራት ሰዓት ያኽል ይሆናል። ከውስጥ አንዳንድ ጊዜ ሣቅ ይሰማል፤ ከሁለታችን ሴቲቱ «ይህ የማን ሣቅ ነው?» አለች። የእናታችን መሆኑን ያወቅነው ሌላዋ ሴትዮ ሲናገሩ ስለ ሰማን ነው። አንድ ጊዜ ደግሞ ረጅም ዝምታ ሆነ። ስለ ምን እንደ ነበረ በኋላም አልጠየቅናትም። ስንት ልጅ ተቀበረ፥ ማን ማንን አስገድዶ ዳረ፥ ይህን የመሰለ ነገር ይሆናል ብለን እናስባለን፤ መገመት ግን የእኛ ድርሻ አይደለም።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የሴትዮዋ ልጅ መጥቶ «መንገዱ ተዘጋ ይላሉ» አለን። ደነገጥን፥ ገብተን ነገርናት። እናታችን ነጠላዋን ለመሄድ አጣፍታ ነበር። «እንግዲህ ከተዘጋማ ምን ይደረጋል» ብላ ነጠላውን አወለቀችና ተመልሳ መደቡ ላይ ተቀመጠች። ጓደኛዋም ወዲያው ጀበናውን ጣዱት። ያመጣችው ድፎ ለዚህ እንደ ነበረ ያን ጊዜ ገባን።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ወሬው ሐሰት ሆነ፤ ከወደ ደምበጫ መኪና መጣ። ስንነግራት «ቶሎ ነው የተከፈተ» አለች።

በክምሩ አጠገብ አቁመን ፎቶግራፍ አነሣናቸው። ሁለቱም መጀመሪያ ለመታወቂያ እንደሚነሣ ሰው ደርቀው ቆሙ፤ ኋላ አንዷ ለሌላዋ በጆሮዋ አንድ ነገር ነገረቻትና ሁለቱም አጐንብሰው ሲሥቁ ሁለተኛውን አነሣነው። ደብረ ማርቆስ ካለው ፎቶ ቤት አሳትመን በግድግዳችን ላይ የሰቀልነው ይህኛውን ነው፤ ፊታቸው ደኅና አይታይም። ሴትዮዋ በቅጠል የተጠቀለለ የጎመን ዘርና ከነሥሩ የተነቀለ ጤና አዳም ሰጧት።

በመመለሻው ሚኒባስ ላይ ጤና አዳሙን በጭኗ ይዛ ተቀመጠች፤ መኪናው ሁሉ ሸተተው። «ግንቦት ልደታ በምን ቀን ነው የሚውል?» አለችን። ቈጥረን ቅዳሜ መሆኑን ነገርናት። «እንግዲያው እርሷ ናት የምትመጣ። ንፍሮው ከኔ ነው፤ ቡናውን ይዤ እመጣለሁ ብላለች» አለች። እኛን አላማከረችንም።

ጥቂት ከሄድን በኋላ፥ ቀኑን ሙሉ ስንሸሽጋት የዋልነውን ነገር በቀጥታ ረዳቱን ጠየቀችው፤ «አንተ ልጅ፥ ከማርቆስ አማኑኤል ታሪፉ ስንት ነው?» ልጁም ነገራት። ሁለት ጊዜ አስደገመችው። ከዚያ በጣቷ ቈጠረች።

«በዐሥር ዕንቁላል ደርሶ መልስ ነው» አለች። እስከ ደብረ ማርቆስ ድረስ ሌላ ነገር አልተናገረችም።